ስሜታችንን የገመገምን ጊዜ

ዝም ማለቴን ሰዎች በደግነት ይተረጉሙልኛል። "አስተዋይ ናት" ይላሉ። እውነቱን ለእናንተ ልንገራችሁ፤ የምናገረውን ዓረፍተ ነገር በልቤ አርሜ እስክጨርስ ወሬው እኔን ትቶ ሌላ ርዕስ ላይ ይደርሳል። ቃላቱን መርጬ፣ ደርድሬ፣ አፌን ስከፍት ሰዎቹ ሻያቸውን ጨርሰው ተነስተዋል። ስለዚህ ዝም እላለሁ። ዝም ስል ደግሞ ሥራ ይሰጠኛል። ስብሰባ ላይ "እኔ አልችልም" ማለት ፍጥነት ይጠይቃል፤ እኔ "እኔ" የሚለው ላይ ስደርስ ተጨብጭቦ ተወስኗል።

የማስተምረው ሚዛን ተፈሪ ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ ነው። አማርኛ አስተምራለሁ፤ ቤተ መጻሕፍቱንም እጠብቃለሁ። ትምህርት የጀመርኩት ከሰው ሁሉ ዘግይቼ ነው፤ ሰባተኛ ክፍል የተማርኩት ጉልበቴ ዴስኩ ሥር አልገባ እያለኝ፣ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። በሥራ ልምድ ጀማሪ ከሚባሉት ተርታ ስሆን በዕድሜ ግን የብዙዎቹ ታላቅ ነኝ። ዳይሬክተሩ ሳይቀሩ "እትዬ" የሚሉኝ ለዚህ ነው። "እትዬ" መባል ክብር አለው። "ይሄንንማ እትዬ ትሥራው" ለማለትም በጣም ይመቻል።

ቤተ መጻሕፍት ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ድሮ የቡና መጋዘን የነበረ አንድ ክፍል ነው። የሠራው ሰው ቡናው እንዳይረጥብ ምን ያህል እንደተጨነቀ ጣሪያውን አይቶ ማወቅ ይቻላል። ለልጆች ክፍል እንደዚያ የተጨነቀ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። በግቢያችን የማያፈሰው ጣሪያ ይህ ብቻ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ዝናቡ ወቅት የለውም፣ ዕረፍት ነው ያለው፤ እሱንም ባሰኘው ጊዜ ይወስደዋል። መጽሐፍ እዚህ ካላናፈሱት ይሻግታል። ጠዋት ጠዋት እየገለጥኩ አናፍሳቸዋለሁ፤ እርጥብ ሲሆን የጥንቱ ቡና ሽታ ከግድግዳው ይወጣል፤ እኔም በዓለም ላይ ከዚህ የተሻለ ቦታ ያለ አይመስለኝም። በሩ ላይ በእጅ ጽሑፌ "ጸጥታ ይከበር።" ብዬ ለጥፌአለሁ። አራት ነጥቡን አልዘነጋሁትም።

ይህን ሰላም የበጠበጠው ሥልጠና ነው።

ዳይሬክተራችን አቶ ዘሪሁን ከሥልጠና ሲመለሱ ፊታቸው እንደ አዲስ ሙሽራ ያበራ ነበር። "እትዬ፣" አሉኝ፣ "ልጆቻችንን ፊደል ብቻ አይደለም ማስተማር ያለብን። ስሜታቸውን ማወቅ፣ የሌላውን መረዳት፣ ሳይደባደቡ መጣላት መማር አለባቸው። የትምህርት ቤቱ አየር ራሱ መለወጥ አለበት።" ከዚያ በሩን ገርበብ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "የመምህራኑም ጭምር።"

የመምህራኑ ያሉት ማንን እንደሆነ ለማወቅ ሥልጠና አያስፈልግም። የሳይንሱ መምህር ከበደ አንድ ቀን በባለ ቀለም ጠመኔ የሰው ልብ ሰሌዳው ላይ ሣለ። ልቡ ደም ሥሩ፣ ክፍሉ፣ በሩ ሁሉ ያለው፣ የሚመታ የሚመስል ልብ ነበር። ከሱ ቀጥሎ የገባችው የሒሳብ መምህርቷ አስቴር ልቡን ሙልጭ አድርጋ አጠፋችና ክፍልፋይ ጻፈችበት። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም። አይነጋገሩም ስል ዝም ይባባላሉ ማለቴ አይደለም፤ በልጆች በኩል ይላላካሉ እንጂ።

"ለመምህር ከበደ ንገረው፣ ማስመሪያውን ይመልስ።"

ከበደ አጠገቧ ቆሞ እየሰማ፣ "ለመምህርት አስቴር ንገራት፣ ልብ ለምታጠፋ ሰው ማስመሪያ ምን ያደርግላታል በላት።"

ልጆቹ መጀመሪያ ያደርሱ የነበረው እንደተነገራቸው ነበር። እያደር የራሳቸውን ኮረሪማ ጣል ያደርጉበት ጀመር። አስቴር ያላለችውን፣ ከበደም ያላሰበውን ስድብ የሰማነው በዚህ መንገድ ነው።

"ታዲያ፣" አሉ አቶ ዘሪሁን፣ "የመረጋጊያ ክፍል ያስፈልገናል። የተናደደ፣ የከፋው ሰው ገብቶ ትንሽ የሚያርፍበት። ቦታ ሳስብ ከእርስዎ ክፍል የተሻለ አላገኘሁም።"

"መጻሕፍቱስ?"

"ስቶር ይገባሉ።"

ስቶሩን አውቀዋለሁ። የመረብ ኳስ መረቡ እዚያ ገብቶ ሻግቶ ቀርቷል። ጣሪያው ወንፊት ነው። እዚያ የገባ መጽሐፍ በወሩ እንጉዳይ ያበቅላል። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያልታረመ ዓረፍተ ነገር ከአፌ ወጣ። "የትምህርት ቤቱ አየር ያለ መረጋጊያ ክፍል ከተለወጠስ?"

ዳይሬክተሩ ትንሽ አሰቡ። "የወረዳ ሰዎች ሊያዩን ይመጣሉ። እስከዚያ የሚታይ ነገር ካመጡ ክፍሉ ይቀርልዎታል። እትዬ፣ አደራ።"

ሰላምታ እንዳይበዛብኝ በጓሮ በር የምገባው ሴትዮ የግቢው ስሜት ኃላፊ የሆንኩት በዚህ ሁኔታ ነው።

የጀመርኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። ካርቶን ላይ አራት ፊቶች ሣልኩ፤ ደስተኛ፣ ያዘነ፣ የተናደደ፣ የተረጋጋ። ሥራ ካልተስተካከለ አልወድም፤ በኮምፓስና በማስመሪያ ነው የሣልኳቸው። ግድግዳው ላይ ስሰቅል አንድ ተማሪ አንገቱን ሰገግ አድርጎ አየና ጠየቀኝ።

"ቲቸር፣ ይሄኛው ጥርሱን አሞት ነው?"

"ደስተኛው ነው።"

"እ..." አለ፣ በጣም እያዘነለት።

ሐሳቡ ቀላል ነበር። እያንዳንዱ ልጅ ጠዋት ሲገባ ስሜቱን የሚመስለው ፊት ላይ ጣቱን ያሳርፋል፤ መምህሩም አይቶ ያውቃል። ተራ የማስጠበቁን ሥራ ለክፍሉ አለቃ ለማርታ ሰጠኋት። ማርታ ቀሚሷ የማይጨማደድ፣ እርሳሷ የማይዶለዱም፣ ነገር የምታጠብቅ ልጅ ናት። ሳያት ደስ ይለኛል። ለምን እንደሆነ ሰው ሁሉ ያውቃል።

በማግስቱ ስገባ ግማሹ ክፍል ባዶ ነው። ሰሌዳው ላይ፣ ዘወትር "ረባሾች" ተብሎ በሚጻፍበት ቦታ፣ በትልቁ "ያዘኑ ተማሪዎች" ተብሎ ተጽፎ ከሥሩ ስም ተደርድሯል። ለደጋገመ እንደ ደንቡ የኤክስ ምልክት ተጨምሮበታል።

"ማርታ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ያዘኑ ናቸው ቲቸር። አንዴ ያዘኑትን በማስጠንቀቂያ አለፍኳቸው። አልማዝ ግን ከዕረፍት በፊትም አዘነች፣ ከዕረፍት በኋላም አዘነች።"

"የቀሩት ልጆችስ የት ሄዱ?"

"የተናደዱት? የሙዝ ልጣጭ እየለቀሙ ነው። አሁንማ ተረጋግተዋል።"

"የተረጋጋውን ፊትስ ማን ነካው?"

"እሱን ማንም አልነካውም። ምን እንደሆነ አላወቅነውም።"

በነጋታው ክፍሉ በሙሉ ደስተኛ ሆነ። እንባው ጉንጩ ላይ ያልደረቀ ልጅ ሳይቀር ጥርሱን በሚያመው ፊት ላይ ጣቱን አሳርፎ በፍጥነት አለፈ። ማርታ በኩራት ቀና ብላ "ጨርሰናል ቲቸር" አለችኝ። ሰሌዳው ንጹሕ ነበር። እንዲህ ያለ ደስታ እንኳን በስድስተኛ ክፍል በሠርግ ቤትም አልታየም።

አልማዝን ለብቻዋ ጠራኋት። አልማዝ ከሸዋ ቤንች በኩል መጥታ፣ ከታላቅ እህቷ ጋር ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ ናት። ቅዳሜ ወደ ቤተሰብ ትሄዳለች፤ እሑድ ማታ የሳምንቱን ጎደሬ ተሸክማ ትመለሳለች። እኔ ምክሬን ከመግቢያ እስከ መደምደሚያ አዘጋጅቼ ነበር።

"ሰኞ ሰኞ ነው የሚከፋኝ ቲቸር፣" አለች፣ እግሯን እያየች። "ጎደሬው ቤታችን ቤታችን ይሸታል። እየበላነው ሲያልቅ እረሳዋለሁ።"

ምክሬ ጠፋኝ። መግቢያው እንኳን አልተረፈኝም። አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ደወል እስኪደወል አልተነሳንም። ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞ በዕረፍት ሰዓት ቤተ መጻሕፍት ትመጣለች። መጽሐፍ ትገልጣለች፤ አታነብም። እኔም "አላነበብሽም" አላልኳትም። እኔን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ካርቶኑን አወረድኩት። ልጆቹ የሚያዩት እኛን ነውና ከመምህራኑ ልጀምር አልኩ። ዘዴው ሥልጠናው ላይ የተሰጠ ነው፤ ክብ ሠርቶ መቀመጥ፣ እያንዳንዱ ሰው የሚሰማውን መናገር፣ ሌላው መስማት። መልስ የለም፣ ክርክር የለም። ማንም ማንን ሸሽቶ እንዳይቀመጥ የቤተ መጻሕፍቱን ወንበሮች በስም ፊደል ተራ ደረደርኳቸው። ሥራዬን አይቼ ረካሁ። ክቡ በኮምፓስ የተሠራ ይመስል ነበር።

መምህራኑና አቶ ዘሪሁን ገብተው ተቀመጡ። የዜግነት ትምህርት መምህሩ ጌታሁን ዙሪያውን ቃኘ። ጌታሁን በግምገማ ያደገ ሰው ነው፤ ስብሰባ ሲሸተው ኮቱን ይቆልፋል።

"ሰብሳቢው ማነው?"

"ሰብሳቢ የለውም፣" አልኩ። "ክብ ነው።"

"እትዬ፣ ክብም ቢሆን ሰብሳቢ አለው።" እንዲህ ብሎ ወንበሩን ወደፊት ሳብ አደረገና ሰብሳቢ ሆነ። ጸሐፊ ተመረጠ። አጀንዳ ጸደቀ፤ አንድ፣ ስሜት፤ ሁለት፣ ልዩ ልዩ።

መጀመሪያ የተናገረው ገና የተመደበው ወጣቱ የእንግሊዝኛ መምህር ነበር። "እኔ... ትንሽ ደክሞኛል" አለ በቀስታ። ለጀማሪ መልካም ነገር ነው፤ ልቤ ሞቅ አለ።

"ደክሞኛል በሚለው ላይ አስተያየት ያለው?" አለ ጌታሁን።

እጅ በእጅ ላይ ተነሳ።

"ድካሙን በመርህ ደረጃ እደግፋለሁ፤ ግን ምክንያቱ ተብራርቶ ቢቀርብ።"

"የደከመው እሱ ብቻ ነው ወይ? ሁላችንም ደክሞናል። ተነጥሎ መቅረቡ ተገቢ አይመስለኝም።"

"ካለፈው ተናጋሪ ሐሳብ በመነሳት፣ ድካም ከየት መጣ ብለን ምንጩን ካላየን ነገም ይደክማል።"

"ጊዜ ስለሌለን ድምፅ እንስጥበት።"

ተሰጠ። ልጁ እንዳልደከመው በአብላጫ ድምፅ ተወሰነ። እሱም ውሳኔውን አክብሮ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

ተራው አስቴር ጋ ደረሰ። "እኔ ደስተኛ ነኝ፣" አለች። "ይሁን እንጂ የደስታዬን ጠላት ስም ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም።"

"የሥነ ሥርዓት ጥያቄ!" ከበደ ተነሳ። "ስም አልጠቀሰችም፣ ግን እኔን እያየች ነው!"

"አጠገቤ ተቀምጦ ወዴት ልይ? ያስቀመጠችን እትዬ ናት!"

ሁሉም ዞረው አዩኝ። አስቴር በ"አ"፣ ከበደ በ"ከ"፤ ፊደሉን የደረደሩት አባቶች ይህን ቀን አላሰቡትም። ለእኔም አልራሩልኝም፤ ዳይሬክተሩን ያመጡልኝ እኔው አጠገብ ነበር። አቶ ዘሪሁን ግን ተጣዮቹን አልተመለከቱም። ዓይናቸው መደርደሪያዎቹ ላይ ነበር፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይለኳቸዋል። እኔ ደግሞ በሐሳቤ ስቶሩን አየሁ። መዝገበ ቃላቱ ላይ የበቀለው እንጉዳይ ጃንጥላውን ዘርግቶ ታየኝ።

"ሁለቱም መምህራን ግለ ሂስ አዘጋጅተው ለሚቀጥለው ስብሰባ..." አለ ጌታሁን። ቀጣዩን አልሰማነውም።

መጀመሪያ አንድ ሰው ጣሪያው ላይ ጥቂት ጥሬ ቡና የበተነ መሰለ። ቀጥሎ ጆንያውን ገለበጠው። ከዚያ መጋዘን ሙሉ ቡና በቆርቆሮው ላይ ወረደ። ይህ ጣሪያ አያፈስም አልኩ እንጂ ኮርኒስ አለው አላልኩም። የጌታሁን አፍ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ጠረጴዛውን መታ፤ ሲመታ ታየን። እጁን አነሳ። ሌሎቹ ሐሳብ ያለው መስሏቸው አብረው እጃቸውን አነሱ። ጸሐፊው ወደ ሰብሳቢው ጎንበስ ብሎ "ምን?" ይላል፤ ሰብሳቢውም "ምን?" ይላል። ሥነ ሥርዓት ዓይናችን እያየ ሞተ።

እንዲህ ያለ ዝናብ ሲወርድ ለጉባኤ ማውራት አይቻልም። ማውራት የሚቻለው ለአንድ ሰው ነው፣ ያውም ጆሮው ላይ ተደግፎ። ያ ሰው ደግሞ ፊደል አጠገባችሁ ያስቀመጠው ነው። ወንበሮቹ ቀስ በቀስ ሁለት ሁለት እየሆኑ ተጠጋጉ። ወጣቱ መምህር አጠገቡ ላለችው መምህርት አንድ ነገር ረዘም አድርጎ ነገራት። እሷም ራሷን ነቀነቀች፣ ትከሻውን ነካ ነካ አደረገችው። ድካሙ ያለ ድምፅ አሰጣጥ ጸደቀ።

አስቴርና ከበደ ብቻ እንደ ሁለት ድንጋይ ተቀመጡ። ከበደ የተቀመጠው መስተዋቱ ከወለቀው መስኮት ሥር ነው፤ ነፋሱ ሲዞር ዝናቡ አንገቱ ላይ ይረጭ ጀመር። አልተንቀሳቀሰም። ቢንቀሳቀስ ወደ እሷ መጠጋት ይሆንበታል። አስቴር አንዴ አየችው። ሁለተኛ አየችው። ከዚያ በጣም የተናደደች ሴት በምታደርገው ዓይነት ጃንጥላዋን ከወንበሯ ሥር መዥርጣ አወጣችና ቤት ውስጥ፣ ስብሰባ መሐል፣ ዘረጋችው። ግማሹ እሱ ላይ ነበር።

ከጃንጥላው ሥር አፋቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። መጀመሪያ የጥል ይመስል ነበር። ቆይቶ ከበደ በጣቱ አየር ላይ ይሥል ጀመር። ትልቅ፣ ክብ ነገር ነው፤ ከላይ ደም ሥር፣ በመሐል በር። አስቴር አንዱን ቦታ ጠቆመች። ራሱን ነቅንቆ ሌላ ቦታ አሳያት። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ብሰማ እጽፈው ነበርና አለመስማቴ ለሁለቱም በጃቸው።

በዚህ መሐል ጆሮዬ ውስጥ ሰው ጮኸ።

"እትዬ! ቢሮዬ ያፈሳል!"

አቶ ዘሪሁን ናቸው። "ያሳድሱታ!" ብዬ ጮህኩ።

"እሱ አይደለም! ሻይ ክበብ ስገባ ሁሉም ዝም ይላል! ያስተዋሉት ነገር ነው?"

አስተውዬዋለሁ። ከዝም ባዮቹ አንዷ እኔ ነኝ፤ የእኔ ግን ሁልጊዜም ነው።

"ሚስቴና ልጆቼ ቴፒ ናቸው! እዚህ ግቢ ውስጥ ‹ደህና አደሩ› ሲሉኝ ቀጥሎ ፈቃድ ነው የሚጠይቁኝ! የመረጋጊያው ክፍል እኮ..." ቆም አሉ፤ ዝናቡ አልቆመም፤ ቀጠሉ። "ግማሹ ለእኔ ነበር!"

ለዚህ የሚመጥን ዓረፍተ ነገር በልቤ መሥራት ጀመርኩ። "ክቡር ዳይሬክተር፣ የኃላፊነት ብቸኝነት..." የሚል ነገር ነበር። አላለቀልኝም። እሳቸው ደግሞ መልስ እየጠበቁ ነው፤ ውኃ የነካውን መነጽራቸውን አውልቀዋል፤ ያለ መነጽር ልጅ ይመስላሉ።

"ይምጡ!" ብዬ ጮህኩ። "ወንበር አለ!"

"ምን?"

"ወንበር አለ! ደህናው መስኮት ጋ!"

ሰሙኝ። መደርደሪያዎቹን መለካታቸውን ተዉት።

ዝናቡ ሲያባራ ጌታሁን ጉሮሮውን ጠረገ። "ወደ አጀንዳችን እንመለስ።" ማንም አልተመለሰም። ከበደ እንደ ልማዱ ተላላኪ ፈልጎ "ለመምህርት አስቴር ንገራት..." ብሎ ጀመረና ዙሪያውን ሲያይ ልጅ የለም። ወደ እሷ ዞረ። "አስቴር፣ ቀይ ጠመኔ አለሽ?" አላት። ነበራት። ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን አነበበ፤ "አጀንዳ አንድ፣ ስሜት። አንድ መምህር አለመድከሙ ተወሰነ። ከዚያ በኋላ ዝናብ።" ከአንድ ማስተካከያ ጋር ጸደቀ፤ መምህሩ እንዲደክመው ተፈቀደለት።

የወረዳ ሰዎች የመጡት ሰኞ ቀን ነው። "የመረጋጊያ ክፍላችሁን አሳዩን" አሉ። አቶ ዘሪሁን ፊት ፊት እየመሩ በቀጥታ ወደ ቤተ መጻሕፍት አመጧቸው። እጄ ላይ የነበረውን መጽሐፍ አጥብቄ ያዝኩ፤ ቢወስዱት አብሬ የምሄድ ያህል።

አልማዝ መጽሐፏን ገልጣ ሳታነብ ተቀምጣለች። ከበደ ትልቅ ወረቀት ላይ ልብ ይሥላል፤ አስቴር ማስመሪያ ይዛለት "ግራው ከቀኙ በለጠ፣ አስተካክል" ትለዋለች። መስኮቱ ጋ የአቶ ዘሪሁን ወንበር አለ፤ ሻያቸው ከነጭሱ ተቀምጧል።

"መጻሕፍትም አሉበት እንዴ?" አለ አንደኛው እንግዳ።

"ያለ መጻሕፍቱ አይረጋጋም፣" አሉ አቶ ዘሪሁን።

"ግሩም ነው። ለመሆኑ ምን ዘዴ ተጠቀማችሁ?"

ዳይሬክተሩ ለማብራራት አፋቸውን ሲከፍቱ ዝናቡ ጀመረ። እሳቸው ረጅም ማብራሪያ ሰጡ፤ እንግዶቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ብዙ ጻፉ። ምን እንደጻፉ ዛሬም አላውቅም። እንግዶቹ ሲወጡ አቶ ዘሪሁን ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው "ክፍሉ የእርስዎ ነው!" ብለው ጮሁ። እኔም "ወንበሩ የእርስዎ ነው!" ብዬ ጮህኩ። በመጋዘኑ ታሪክ እንዲህ ያለ ጩኸት ያሰማ የቤተ መጻሕፍት ጠባቂ አልነበረም።

በማግስቱ የበሩን ማስታወቂያ ቀየርኩት። ሕግ እየተጣሰ ተለጥፎ ሲቀመጥ ማየት አልችልም። "ጸጥታ ይከበር። ዝናብ ሲዘንብ ግን አይመለከትም።" ብዬ በንጹሕ ወረቀት ጻፍኩ። ገና ሙጫው ሳይደርቅ ማርታ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ቀሚሷ አልተጨማደደም። እርሳሷ ግን ጫፉ ተሰብሯል። ማስታወቂያውን ከላይ እስከ ታች አነበበች፣ ሰማዩን አየች። ዝናቡ ከቆመ ቆይቷል፤ ፀሐይ ወጥታለች።

"ቲቸር፣" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ከማንጎው ዛፍ ላይ የሚንጠባጠበውስ ይቆጠራል?"

ዛፉን አየሁት። ከቅጠሎቹ ላይ አልፎ አልፎ አንዳንድ ጠብታ ይወርዳል። በትክክል ከተባለ ይህ ዝናብ አይደለም፤ እኔም ነገር በትክክል ካልተባለ አልወድም።

"ይቆጠራል፣" አልኳት። "ግቢ።"